ስካነሩ ይቆየን፤ መዝገቡ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የደሴ የታሪክ ሰነድ ዲጂታል ይሁን በተባለ ቁጥር ወሬው ወዲያው ስካነር ግዢ ላይ ያርፋል። በሰነድ አያያዝ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምንለው ሌላ ነው፦ ስካነሩ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፣ መዝገቡ፣ ማለትም የየዕቃው ዝርዝር፣ ግን ማደር የለበትም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉን የማያውቅ የለም። ልኩና መለያ ቁጥሩ ያልተጻፈ፣ ፎቶም ያልተነሳ ዕቃ አንዴ ከእጅ ከወጣ፣ ነገ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ «የእኛ ነው» ብሎ መሟገቻ የለም። በአንጻሩ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሙ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም (ገጹን በፊልም ላይ አሳንሶ የማንሳት) ሥራ ተነስቶ 1832 የሚል ቁጥር ስላገኘ፣ በየትም ሀገር ያለ ተመራማሪ ቁጥሩን ሲጠራ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አያከራክርም።

መዝገቡ ውድ ሶፍትዌር አይፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር፦ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ልክ በሴንቲ ሜትር፣ የገጽ ብዛት፣ ከማን እንደመጣ፣ የደረሰበት ጉዳት፣ ቀን። ፎቶ ከሆነ ቁጥሩ በጀርባው ጥግ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። እስክርቢቶ ቀለሙ እየቆየ ወደ ፊት ያልፋል፣ ጫፉም ፊቱ ላይ ምልክት ይተዋል።

ስሕተት የሚበዛው ቀን ላይ ነው። የወሎ ወረቀት በእኛም፣ በፈረንጅም፣ በሒጅራም (በእስልምናው) አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል፤ በጣሊያን ዘመን የወጣው ደግሞ የፋሺስቱን ዓመት በሮማ ቁጥር ይጨምርበታል። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 6 ቀን 1935። «ስምንት ቀንስ» ብቻ የተባለ ጸሐፊ ይህን 1927 ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ልዩነቱ ሰባት መሆኑን ማን ነገረው? ስለዚህ አንዱ ዓምድ በሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ይያዝ፣ ሌላው የተቀየረውን። የፊደሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ሀይቅ፣ ሐይቅ እና ኃይቅ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የባለሰነዱ አጻጻፍ አይነካ፤ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ዓምድ ተከፍቶ ሐ፣ ኀ፣ ኃ እና ሃ በሀ፣ ሠ በሰ፣ ዐ እና ዓ በአ፣ ፀ በጸ ይጻፉበት።

የደሴ ክረምትና ጉም ለወረቀት ጠላት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሳል። ሣጥኑ ከወለል፣ መደርደሪያው ከግድግዳ ራቅ ይበል፤ የሻገተውም በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግ፤ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ውጭ በረንዳ ላይ፣ ማስክ ተደርጎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ከሁሉ የሚያናድደን ግን ላሚኔት ነው። አሮጌ ደብዳቤ ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ ተብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወሰድና በትኩስ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ሳይቀደድ ማውጣት አይቻልም። በተለጣፊ አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶም በጥፍር አይነቀል፤ ቀጭን ክር ከሥሩ እየተሳበ ይሞከር፣ እምቢ ካለ አልበሙ እንዳለ ፎቶ ይነሳ።

ስካን ሲጀመር፣ አንድ ኤ4 ገጽ በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ) በቀለም ቲፍ፣ ማለትም ሳይጨመቅ፣ ሆኖ ሲቀመጥ ወደ 46 ሜጋባይት ይይዛል። 10,000 ገጽ ማለት 460 ጊጋባይት ግድም ነው፤ ዲስኩ በዚህ ልክ ይገዛ። ለማሳያ ጄፔግ (ተጨምቆ ያነሰ ፋይል) ይወጣለታል እንጂ ዋናው ጄፔግ አይሁን። ወረቀት በራሱ የሚስብ ስካነር የተሰባበረ ወረቀት ይበላል። የተጠረዘ መጽሐፍ መስታወት ላይ ተደፍቶ አይጫን፤ ጀርባው ይሰነጠቃል። ካሜራ ከላይ ይሰቀል፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁም፣ ማስመሪያም ከገጹ ጎን ይግባ። የሼኾቹን የዐረብኛና የዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የሀገር ቋንቋ) ጽሑፍ የሚያነሳ ሰው ከቀኝ መጀመሩን እንዳይረሳ። ቅጠሉ ከተበታተነም በገጹ ግርጌ የቀጣዩ ገጽ መነሻ ቃል ብዙ ጊዜ ስለሚጻፍ ቅደም ተከተሉ በዚያ ይለያል። ፎቶ በቴሌግራም የምትሰበስቡ ደግሞ «እንደ ፋይል ላኩ» በሉ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ።

የመንዙማና የቃል ታሪክ ካሴት ከመጫወቱ በፊት በጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበሩ፤ አለዚያ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ድምፁን ያጠፋዋል። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። በየቢሮው በፓወር ግዕዝ፣ በቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ ፋይሎችም ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይሆናሉ፤ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይወገድ በየትኛውም ማሽን ወደሚነበበው ዩኒኮድ ይቀየሩ።

ቅጂው ሦስት ይሁን። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ቢቀመጥ ለእሳትና ለጎርፍ ይበቃል፤ ለጦርነት ግን አይበቃም። በ2014 ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት። ሦስተኛው አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ይግባ፣ ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ። ዲስኮቹ በዓመት አንዴ ተከፍተው ካልተፈተሹ መበላሸታቸው የሚታወቀው በሚፈለጉበት ቀን ነው።

ሰነዱ የቤተሰብ፣ የገዳም ወይም የመስጊድ ከሆነ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይፈረም፦ ዋናው የባለቤቱ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ቅጂውን ማን ማየት እንደሚችል። ከስምምነቱ አንዱ ኮፒ ባለቤቱ እጅ ይቅር።

ከሰላምታ ጋር
የሰነድ አያያዝ ባለሙያዎች፣ ከደሴ