ለደንበኞቻችን፦ ጨው በጣሳ መስፈር ስለማቆማችንና ስለ አዮዲን ጨው አያያዝ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በደሴ ከተማና በዙሪያዋ ለምትገኙ ባለሱቆች፣ ዳቦ ቤቶችና ምግብ ቤቶች፣ እንዲሁም በርበሬና ሽሮ ከእኛ ለምትወስዱ ቤተሰቦች ሁሉ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ፣ ከተከፈተ ማዳበሪያ በጣሳ እየሰፈርን የምንሸጠውን ሸካራ ጨው ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ ሙሉ በሙሉ ስለምናቆምና በምትኩ በአዮዲን የበለጸገ፣ በግማሽና በአንድ ኪሎ የታሸገ ደቃቅ ጨው ብቻ ስለምናቀርብ ነው። ውሳኔው ዋጋንም የለመዳችሁትን አሠራርም የሚነካ በመሆኑ ምክንያቱን በዝርዝር ልናስረዳችሁ ይገባል።

አዮዲን ሰውነት በጣም በጥቂቱ፣ ነገር ግን ሳያቋርጥ የሚፈልገው ማዕድን ነው። አንገት ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኖቹን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ እነዚህ ሆርሞኖች ደግሞ የሰውነትን ሙቀትና የኃይል አጠቃቀም፣ የልጆችን ዕድገት፣ ከሁሉም በላይ የጽንስንና የሕፃንን የአእምሮ ዕድገት ይመራሉ። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን 250 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋታል። 70 ዓመት የሚኖር ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ሆኖም ሰውነት ይህን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ አድርጎ ሊያስቀምጠው ስለማይችል በየጊዜው ከምግብ ጋር መግባት አለበት።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዮዲን በብዛት የሚገኘው በባሕር ውኃ፣ በባሕር ዓሣና በባሕር ተክሎች ውስጥ ነው። እንደ እኛ ባለው ተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ ከዘመናት ጀምሮ የአፈሩን አዮዲን እያጠቡ ስለወሰዱት፣ በዚያ አፈር ላይ የሚበቅለው ጤፍ፣ ገብስና ባቄላ ምንም ያህል ቢያምርና ቢያፈራ በውስጡ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ነው፤ ያንን ሣር የሚግጡት ላሞች ወተትም እንዲሁ። ስለዚህ ከማሳው በቂ እህል የሚያስገባ፣ ልጆቹን አጥግቦ የሚያሳድር ቤተሰብ እንኳ ከአዮዲን እጥረት አይድንም። እንቅርት በደጋው አገር ከድሮም የሚታወቅ፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እስኪባል ድረስ አብሮን የኖረ ሕመም ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። ዕጢው የሚያብጠው የጎደለውን አዮዲን ከደም ውስጥ ለመልቀም አቅሙ ከሚፈቅደው በላይ ስለሚሠራ ነው።

እንቅርት ግን በዓይን የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የማይታየው ነው። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን መሥራት ስለማይችል የእናቱን ይጠቀማል፤ እናቲቱ አዮዲን ከጎደላት የልጁ አእምሮ መሠረቱ በሚጣልበት ጊዜ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል። እጥረቱ ሲከፋ ውርጃና ሞቶ መወለድ ይበዛል፤ መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ አካላቸውና አእምሯቸው ሳያድግ የሚቀር ልጆችም ይወለዳሉ። ቀለል ባለው እጥረት ደግሞ ልጁ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ነገር ግን የተነገረው ቶሎ አይገባውም፣ የገባውም አይቆይለትም። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ባለሙያዎች፣ አዮዲን በእጅጉ በጎደለባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎች በአእምሮ ብቃት መለኪያ ያገኙት ውጤት ከሌሎቹ በአማካይ 13 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ እንዳገኙት ጽፈዋል። በማኅፀን የደረሰው ጉዳት በኋላ በሚሰጥ አዮዲን አይመለስም። ስለዚህ ጨው ለመግዛት ወደ ሱቃችን የምትመጣ ወጣት ሴት፣ ማርገዟን ገና ሳታውቀው እንኳ የምትወስደው ጨው ትክክለኛ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

ለዚህ መፍትሔ ጨው የተመረጠው ሀብታምም ድሃም በየቀኑ፣ በተመጣጠነ መጠን የሚመገበው በመሆኑ ነው። ስዊዘርላንድ በተራሮቿ መካከል ለዘመናት የኖረውን እንቅርት ለማጥፋት አዮዲን ያለው ጨው መሸጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። በእኛ አገር ደግሞ የምንበላው ጨው በአሰብና በምጽዋ በኩል ይመጣ በነበረበት ዘመን አዮዲኑ የሚጨመርበት እዚያው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው ከአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ መምጣት ሲጀምር አዮዲን የመጨመሩ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በ15ቱ ያህል ብቻ ነበር። ለሰው ምግብነት የሚውል ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 የወጣው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደርሷል። ይህ በአምስት ዓመት ውስጥ የተገኘ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገንም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አንድ ኩንታል ጨው በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን እንዲኖረው የሚጨመርበት ፖታሲየም አዮዴት (አዮዲን ያለበት ዱቄት) 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ዱቄት በመቶ ኪሎ ጨው ውስጥ እኩል መዳረስ አለባት ማለት ነው። ዱቄቱ በውኃ ተሟሙቶ በጨው ላይ ይረጫል። ይህ በማሽን ሲሆን በደንብ ይቀላቀላል፤ በጀርባ በሚታዘል መርጫ በክምር ላይ ሲረጭ ግን አንዱ ጥግ ይጠግባል፣ ሌላው ሳይነካው ይቀራል። ከዚያም ጨው ከባሕር ወለል በታች ካለው የአፋር ሙቀት ተነሥቶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ብርድና ጭጋግ ወደሚበዛባት ደሴ ይወጣል። በመንገድ ላይ ዝናብ ካገኘው፣ ማዳበሪያው ከተቀደደ ወይም በመጋዘን እርጥብ መሬት ላይ ከተቀመጠ ጨው እርጥበት ይስባል፤ አዮዲኑም ከእርጥበቱ ጋር እየወረደ ወደ ማዳበሪያው ግርጌ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ተንጠባጥቦ ይወጣል። በላዩ ላይ ፀሐይ ሲጨመርበት የቀረውም ይቀንሳል።

ይህን በራሳችን መጋዘን ደጋግመን አይተነዋል። ጨው በገባ ቁጥር ከማዳበሪያው አፍ፣ ከመካከሉና ከግርጌው አንዳንድ ማንኪያ አውጥተን በነጭ ሳሕን ላይ ለየብቻ እናኖርና የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ እናደርግባቸዋለን። ፈሳሹ ስታርች ስላለበት አዮዲን ያለው ጨው ወዲያው ወደ ወይን ጠጅነት ወይም ወደ ጥቁር ሰማያዊነት ይለወጣል። ደህና በታሸገው ጨው ሦስቱም ክምሮች አንድ ዓይነት ቀለም ያወጣሉ። አፉ ተከፍቶ ሳምንታት የቆየው ሸካራ ጨው ግን ከላይ የተወሰደው ነጭ እንደሆነ ሲቀር፣ ከግርጌው የተወሰደው ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ከአንድ ማዳበሪያ በጣሳ የተሰፈረላቸው ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንደኛዋ አዮዲን ያለው፣ ሌላዋ የሌለው ጨው ይዘው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ይችላሉ፤ የከፈሉት ግን እኩል ነው። ይህ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን እንጂ ትክክለኛውን መጠን ስለማይለካ፣ ከየጭነቱ ናሙና እየወሰድን ወደ ላቦራቶሪ መላክም ጀምረናል።

ስለ ዋጋው በግልጽ እንነጋገር። የታሸገው ጨው በጣሳ ከሚሰፈረው ይወደዳል። የአዮዲኑ ዋጋ ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከጥቂት የአሜሪካ ሳንቲሞች አይበልጥም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጨውን ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መቀላቀልና እርጥበት በማያስገባ ፕላስቲክ ማሸግ ነው። እኛ በበኩላችን በዚህ ጨው ላይ የምንይዘውን ትርፍ ዝቅ አድርገናል፤ በጅምላ ለሚወስዱ ባለሱቆችም የማጓጓዣውን ወጪ እንጋራለን።

ባለሱቆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ካርቶኑን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ በሱቁ ደጃፍ በረንዳ ላይ አትደርድሩት። ቀድሞ የገባውን ቀድማችሁ ሽጡ። ፓኬቱን ቀዳችሁ በትንንሽ ፌስታል እየቋጠራችሁ እንዳትሸጡ አደራ እንላለን፤ አቅሙ ለኪሎ ለማይበቃ ገዢ ሩብ ኪሎ እሽግ በቅርቡ እናቀርባለን።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ፤ እርሱም ጨውን ማጠብ ነው። እናቶቻችን ሸካራውን ጨው አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡ የነበረው አሸዋና አፈር ስለነበረበት ነው፤ ያደረጉት ትክክል ነበር። አሁን ግን አዮዲኑ የሚገኘው በጨው ቅንጣት ላይ በመሆኑና በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ በመጀመሪያው እጣቢ አብሮ ይደፋል። የታሸገው ጨው ታጥቦ የተፈጨ ስለሆነ እንደገና መታጠብም መሰጣትም አያስፈልገውም። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃው እንፋሎትና ከመስኮት ፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በደረቅ ማንኪያ ጨልፉ። ወጡ ላይ የምትጨምሩት ድስቱ ሊወጣ ሲቃረብ ይሁን፤ በረጅም መንተክተክ የሚጠፋው አዮዲን ቀላል አይደለም። ለዓመት በርበሬ የሚገባውም ጨው ቢሆን ከመሰጣቱና ከመታመሱ ጋር ሳይሆን በመጨረሻ ከተፈጨ በኋላ ቢቀላቀል ይመረጣል። እኛ የምናዘጋጀውን በርበሬና ሽሮ በዚሁ መንገድ መሥራት ጀምረናል።

ጨው መቀነስ እንዳለባቸው ሐኪም የነገራቸው ደንበኞቻችን፣ አዮዲን ለማግኘት ሲሉ ጨው መጨመር ይኖርባቸው እንደሆነ ይጠይቁናል። አይኖርባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ያለው ጨው በ5 ግራሙ ውስጥ 150 ማይክሮ ግራም አዮዲን ይይዛል፤ በማብሰል ወቅት አንድ አምስተኛው እንኳ ቢጠፋ አብዛኛው የዕለት ፍላጎት ይሟላል። ጨው ለሚቀንስ ሰው ከሌላው ይልቅ ያችው ጥቂት ጨው አዮዲን ያላት መሆኗ ያስፈልገዋል። የታይሮይድ ሕመም ያለባቸው፣ በተለይም በዕድሜ ገፋ ያሉና የቆየ፣ እባጭ ያለው እንቅርት ያለባቸው ሰዎች ግን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፤ አዮዲን በድንገት ሲበዛ ዕጢውን ከልክ በላይ ሊያሠራው የሚችልበት ጊዜ አለና። ለዓመታት የቆየ ትልቅ እንቅርትንም ይህ ጨው ያጠፋዋል ብለን ለማንም አንናገርም።

አሞሌ ጨው ለከብቶቻችሁ የምትወስዱ ገበሬዎች እንደ ወትሮው ታገኛላችሁ። ነገር ግን አሞሌ ከአፋር ምድር ተጠርቦ እንዳለ የሚመጣ፣ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ስለሆነ ለብቻው በሌላ ክፍል አድርገን «ለከብት» የሚል ጽሑፍ ለጥፈንበታል፤ ቆርሳችሁ ለወጥ እንዳትጠቀሙበት እንለምናለን። ለቆዳ ማቆያ የሚሆነውን ጨው በተመለከተ፣ ከምግብ ጨው ጋር እንዳይደባለቅ በማሰብ ከእንግዲህ ወደ መጋዘናችን አናስገባም።

ለዳቦ ቤቶች በ25 ኪሎ የታሸገ፣ የውስጥ ላስቲክ ያለው ጨው አዘጋጅተናል። አንድ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚቀምሰው ዳቦ በመሆኑ፣ እናንተ ሊጡን የምታቦኩበት ጨው ለእኛ ከሁሉ በፊት የሚታሰብ ነው፤ የመጀመሪያውን ከረጢት በአሮጌው ዋጋ እንሰጣችኋለን።

በእጃችሁ ያለውን ሸካራ ጨው ያልከፈታችሁ ባለሱቆች እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ይዛችሁልን ከመጣችሁ በገዛችሁበት ዋጋ አስበን በታሸገው እንለውጥላችኋለን። በቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን እንዳለው ማወቅ የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ማንኪያ በደረቅ ወረቀት ቋጥራችሁ በሥራ ሰዓት ወደ ሱቃችን አምጡ፤ ዓይናችሁ እያየ ያለ ክፍያ እንመረምርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች
ደሴ