ለእማዬ፣ ስለ ስፌቱ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጎንደርን ዝናቡ ለቀቃት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የዚህ አገር ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ስትዪኝ «መድኃኒት» ብዬ አለፍኩሽ። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ፤ እህቴ ታነብልሻለች።

ስፌት ነው የምሠራው። አትሳቂ። ሥጋውም ሽሮውም ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ጥቃቅን ነገሮች ነው። ከነሱ እየመረጥኩ 18 ያህል በተርታ እቀጥላለሁ፤ ይህ አጭር ሰንሰለት ፔፕታይድ ይባላል። ባክቴሪያ ላይ ሲያርፍ እንደ ስንደዶሽ ይጠመዘዛል። አንዱ ዙር የሚሞላው ከ3 ተኩል ትንሽ በለጥ ባለ አሚኖ አሲድ ነው። አንቺ ቀዩን አክርማ ቆጥረሽ በአንድ መስመር እንደምታወጪው፣ እኔም በአንድ ጎን ውሃ የሚጠሉትን፣ በሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን አሰልፋለሁ። የባክቴሪያ ገላ ነጌቲቭ ስለሆነ ይስባቸዋል። ከተለጠፉ በኋላ ውሃ የሚጠላው ጎን ቅባታማው ሽፋን ውስጥ ይሰረስራል። ሽፋኑ ይቀደዳል፤ አለቀለት።

ነገሩን የጀመርነው እኛ አይደለንም፤ እንቁራሪት ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 ማይክል ዛስሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ቀዶ የሰፋቸው እንቁራሪቶች ቆሻሻ ውሃ ውስጥ እየዋኙ ቁስላቸው አላመረቅዝ ቢለው ቆዳቸውን መረመረ። እዚያ እንዲህ ያለውን ፔፕታይድ አገኘ።

የመጀመሪያው ሰንሰለቴ ጉድ ሠራኝ። ባክቴሪያውን ፈጀልኝ፤ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ከሰው ደም ሴል ጋር ቀላቅዬ አቆየሁት። ደህና ቢሆን ቀዩ ይዘቅጣል፣ ላዩ እንደ ጠላ ይጠልላል። የኔ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ሴሎቹን አፈንድቷቸዋል። ውሃ የሚጠሉትን አብዝቼ ኖሯል። ሦስቱን ቀየርኩ፤ ሁለተኛው ደሙን ማረልኝ። እሱን ደግሞ ኢንዛይም የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ እንደ መቀስ ቆራረጠብኝ። አሁን የመስታወት ግልባጭ የሆኑ አሚኖ አሲዶችን እየሰካሁ ነው፤ መቀሱ አይዛቸውም።

አንድ ነገር ግን ላስቀይምሽ። ለጥምቀት የመጣሁ ጊዜ ብፌው ላይ ያለውን የስኳር ጣሳ ከፈትኩት። ተጀምሮ የተተወ አሞክሳሲሊን ሞልቶታል። ለጎረቤት ልጅ ቁስልም ካፕሱል ፈልቅቀሽ ስትነሰንሺ አይቻለሁ፤ ሰው ፊት ዝም አልኩ። እማዬ፣ በየሰበቡ ስንወስደው ደካማው ባክቴሪያ ይሞትና የለመደው ይራባል። የኔ ስፌት ደግሞ ገና ነው፤ እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ ፋርማሲ ሳይደርሱ ነው የሚቀሩት። ጣሳውን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ስጫት።

ሌላ ደግሞ፣ የመሶቡ ክዳን ወደ ጫፉ ሲጠብ መስመሩ እንዳይጣመም የምትቀንሺው በስንት በስንት ነው? የኔ ሰንሰለት ጫፉ ላይ እየላላ አስቸግሮኛል። ከቅዳሜ ገበያም ቀይ አክርማና አንድ ወስፌ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። በልጅነቴ ጣቴን ወግቶኝ የተውኩትን እንደገና ልሞክረው።

ልጅሽ