ስለዚያ ጠመንጃህ

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ጠፋህ ልልህ ስል እኔም እንደጠፋሁ ትዝ አለኝ፤ በቃ ተካክለናል። ልጆቹ ደህና ናቸው? የእማማ ቪዛስ ምን ደረሰ?

ኤአር-15 የሚባለውን ሰሚ-አውቶማቲክ ጠመንጃ (ቃታ በሳብክ ቁጥር ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርሰውን) ልትገጣጥም መሆኑን ሰምቼ ሳቅሁ። ያማረህ ደግሞ ዋይልድካት የሚሉት ጥይት ነው አሉ፤ ፋብሪካ የማይሠራው፣ ሰው የሌላ ጥይት ቀለሃ አስፍቶ ወይ አጥብቦ ያወጣው። አልገረመኝም፤ አንተ ድሮም ሰው የያዘውን አትይዝም።

ግን መጀመሪያ ምን ልታድንበት ነው? አጋዘን ከሆነ የኮሎራዶ ሕግ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ይላል፤ አረሩ ከ70 ግሬን (4.5 ግራም ገደማ) እንዳያንስ፣ 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው፣ ሰሚ-አውቶማቲክ ከሆነም ጉሮሮው (ጥይቱ የሚተኮስበት ክፍል) ውስጥ ያለችውን ጨምሮ ከ6 ጥይት በላይ እንዳይዝ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ያለው የኤአር-15 ጥይት፣ .223፣ አረሩ ከ6 ሚሊሜትር ስለሚቀጥን ከበር ተመለሰ።

እኔን ካልከኝ 6×45 ያዝ። የ.223 ቀለሃ ነው፣ አንገቱ 6 ሚሊሜትር አረር እንዲይዝ ሰፍቶ፣ አለቀ። ቦልቱ (ጥይቱን ገፍቶ የሚያጎርሰው ብረት) ያው፣ ካዝናው ያው፤ የምትቀይረው አፈሙዙን ብቻ። በእጅ የሚጎረስ ጠመንጃ ቢሆን ግድ የለም፣ ትንሽ ቢያስቸግርም ገፍተህ ታስገባዋለህ፤ ሰሚ-አውቶማቲክ ላይ ግን ካዝናው፣ ቦልቱና ቦልቱን የሚያንቀሳቅሰው የባሩድ ጋዝ ካልተስማሙ ጥይቱ መሀል መንገድ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። .277 ዎልቨሪንም ከዚሁ ቀለሃ የተሠራ ነው፣ መጥፎ አይደለም። 6.5 ግሬንደልን ግን ዋይልድካት እንዳትለኝ፤ የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ማኅበር፣ ሳሚ፣ በ2011 ደረጃ አውጥቶለታል፣ ሱቅ ይሸጠዋል። ቀለሃውም ወፍራም ስለሆነ የራሱን ቦልትና ካዝና ይፈልጋል።

የ6×45 ጣጣው ጥይቱን ራስህ መሙላትህ ነው። ባሩድ ትመዝናለህ፤ ከታተመ መመሪያ ዝቅተኛው ላይ ጀምር፣ ሰው በአፉ የነገረህን ልኬት አትንካ። ሰሚ-አውቶማቲኩ ደግሞ ቀለሃውን ሳር ውስጥ እየወረወረ ሲያስለቅምህ ይውላል። ሚስትህ የት ዋልክ ስትል ምን እንደምትላት ከአሁኑ አስብበት።

.300 ብላክአውት የሚባለው ጥይትም ካለህ ካዝናውን በቀለም ለይ። የብላክአውቱ ጥይት የ.223 ጠመንጃ ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ገብቶ ከተተኮሰ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

እኔ እዚህ ቴክሳስ በ6×45 የማድነው የዱር አሳማ ነው። ሥጋውን ጎረቤት ይወስደዋል፤ እናቴ እንዳትሰማ ብቻ! አንተ ዕድለኛ ነህ፣ አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፤ ባርከህ ትበላለህ።

የጠመንጃውን ዋና አካል (መለያ ቁጥር የሚቀረጽበትን) ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ከነመለያ ቁጥሩ ግዛ። በ2025 የፀደቀው የኮሎራዶ ሕግም ከኦገስት 2026 ጀምሮ ካዝናው ለሚወልቅ ሰሚ-አውቶማቲክ ስልጠና ይጠይቃል፤ አንተን እንዴት እንደሚመለከትህ አጣራ። አፈሙዙ ላይም 6×45 ብለው እንዲቀርጹበት ንገራቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ደውል።

ወንድምህ