የልብ ክኒን በሱባኤም አይቋረጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በልባቸው የደም ቧንቧ ውስጥ ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የገባላቸው ወይም ስትሮክ የመታቸው ብዙ ሰዎች የሚወስዱት ክሎፒዶግሬል በሰፈራችን “ደም ማቅጠኛ” ይባላል። ስሙ ያሳስታል። ክኒኑ ደም አያቀጥንም፤ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ክፍሎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይረጉ ያደርጋል። “ደሜ ቀጥኗል፣ ይበቃኛል” የሚባል ነገር ስለዚህ የለም።

ፕሌትሌት የሚኖረው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ ሰውነት በየቀኑ አዲስ ይተካል። ክኒኑ ሲቋረጥ አዲሶቹ ስለማይያዙ በ5 ቀን ገደማ ጥበቃው ይሳሳል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ለአንድ ሱባኤ የሚገባ ሰው ክኒኑን ቤት ትቶ ከሄደ፣ ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ስቴንቱ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። በተለይ ስቴንቱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት እዚያ ላይ ደም ከረጋ ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው ደም ተቋርጦ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊያመጣ፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል።

ለጾመኛ መፍትሔው ቀላል ነው። 75 ሚሊ ግራሙ በቀን አንዴ የሚዋጥ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሠራል። ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። አብሮ አስፒሪን ከታዘዘ ጨጓራን ስለሚነካ ከእራት በኋላ ይሁን። የተረሳው ክኒን 12 ሰዓት ካልሞላው ወዲያው ይዋጣል፤ ካለፈው የሚቀጥለው በሰዓቱ ይወሰዳል እንጂ ሁለት በአንዴ አይዋጥም።

ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ገዝቶ መደረብ ሌላው ስህተት ነው። ክሎፒዶግሬል ሥራ የሚጀምረው ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ይህን ለውጥ ያውካሉ። ሰዓት ማራራቅ አይጠቅምም። በምትኩ ፓንቶፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያደማሉ፤ በዓል ላይ የሚደጋገም አረቄም እንዲሁ።

ጥርስ ለማስነቀል ራስዎ አያቋርጡ፤ ለሐኪሙ ይንገሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጎዝ ነክሶ በመያዝ ደሙ ይቆማል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (የብረት ክኒንም ያጠቁራል)፣ ሽንት ደም ካለው ወይም ከባድ ራስ ምታት ድንገት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከአለም ከተማ ደብረ ብርሃን ድረስ ለመድኃኒት የሚመላለስ ሰው 10 ክኒን ሲቀረው መንገድ ይጀምር።

የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን