ልጅሽን አዳማ ላኪያት

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እናትሽስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ! ኑሮ፣ ሥራ፣ ልጅ እያልን እንዲሁ ተጠፋፋን። ሰሞኑን ግን የኮሌጅ ጓደኛችን ከአሰላ መጥታ ስላንቺ ስታጫውተኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ትልቋ ልጅሽ ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት አለፈች አለችኝ። እልል አልኩ! እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ እህት።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ልጅቷ እዚህ አዳማ የልዩ ሳይንስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እንድትፈተን የሒሳብ መምህሯ ሲጠይቅሽ፣ "ገና ሕፃን ናት፣ ከጉያዬ አትወጣም" ብለሻል አሉ። እኔ የማስተምረው እንደዚያ ባለ ትምህርት ቤት ስለሆነ የማየውን ልንገርሽ።

ሰው ስለ እኛ ሲያወራ ወሬው ሁሉ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። አይፈረድበትም። በ2014 ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር ከመላ አገሪቱ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢጨነቅ ምን ይገርማል? እኔ ግን ከውጤቱም የማስበልጠው ልጆቹ እርስ በርስ መገናኘታቸውን ነው።

አንዱን ቀን ላጫውትሽ። 11ኛ ክፍል ስለ ክብ እንቅስቃሴ እያስተማርኩ ነበር። ከግቢያችን ሆነሽ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ይታያሉ። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ያ ነገር እንዲህ እየተንቀረፈፈ እንዴት መብራት ይሰጣል?" አለችኝ። መልሱን አልነገርኳትም። ስልኬን ሰጥቻቸው ውጭ ወጥተው ሰዓት እንዲይዙ አደረግኩ። 10 ዙር በ40 ሴኮንድ ሆነ፤ አንዱ ዙር 4 ሴኮንድ ማለት ነው። የአዳማ አንድ ተርባይን ክንፎች የሚሠሩት ክብ ዲያሜትሩ 77 ሜትር መሆኑን ነገርኳቸው። በፓይ አባዙት፣ 242 ሜትር መጣ። ለ4 አካፈሉት፣ ወደ ኪሎ ሜትር ቀየሩት። የክንፉ ጫፍ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል!

አንዱ ልጅ "አይሆንም! ፈጣን መንገዱ ላይ እንኳ የሚፈቀደው 120 ነው" ብሎ ተቆጣ። እንደገና ቆጠሩ። ያው ሆነ። ከዚያ ያቺው ልጅ "ታዲያ መሃሉ አካባቢ ያለው ክፍል ቀርፋፋ ነው ማለት ነዋ! በአንድ ዙር የሚሄደው ትንሽ ነው" አለች። ደውሉ ተደውሎም መሬት ላይ በእንጨት እየጫሩ ይከራከሩ ነበር። ይህች ልጅ ድሮ በተማረችበት ቦታ ጥያቄ ስታበዛ "አትቀባጥሪ" ትባል እንደነበር አጫውታኛለች። እዚህ ግን የሚመልስላት፣ የሚሞግታት፣ አብሯት የሚያመሽ ጓደኛ አገኘች። የአንቺም ልጅ ይህን ብታገኝ ደስ ይለኛል።

ፕሮባቢሊቲ ስንማር ስሙን የምንሰማው ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ ትዝ ይልሻል? እሱም ይህ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ኪኮይን ከሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ ሞስኮ ውስጥ የሒሳብና የፊዚክስ አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ልጆቹ የመጡት ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ነው። ያን ያህል ስመ ጥር ሆኖ ሳለ ክፍል ገብቶ ራሱ ያስተምራቸው፣ በእግር ጉዞ ይዟቸው ይወጣ፣ ስለ ሙዚቃም ያወራላቸው ነበር።

የሚከብደውን አልደብቅሽም። ከሰፈሯ አንደኛ የወጣች ልጅ እዚህ ስትመጣ ሃያኛ ልትሆን ትችላለች። ያኔ ታለቅሳለች፣ "ውሰዱኝ" ብላ ትደውላለች። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈታኝ ነው። ቤተ ሙከራችንም ቢሆን ገና ብዙ ይጎድለዋል። ሙቀቱ ደግሞ አለ፤ የአሰላ ልጅ መጀመሪያ ይከብዳታል።

አንቺም መምህር ነሽና "ጎበዞቹን ሁሉ ከወሰዳችሁብን ለእኛ ማን ሊቀር ነው?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። እኛ የምንቀበለው እፍኝ የማይሞላ ልጅ ነው፤ የ3.3 በመቶውን ችግር እንደ እኛ ያለ ትምህርት ቤት አይፈታውም። የሚፈታው እንደ አንቺ ያለ መምህር የሚያስተምርበት የወረዳ ትምህርት ቤት መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ሲያገኝ ነው። ለዚህ አብሬሽ እጮሃለሁ። ግን የዚህን ዕዳ ልጅሽ ለምን ትክፈል?

ለፈተናው ቀመር እንድትሸመድድ አታስጨንቂያት። ክፍልፋይ፣ ንጽጽር፣ የሦስት ማዕዘን ጥያቄዎችን ትሥራ። መልሱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጮክ ብላ ታስረዳሽ። አንቺ ደግሞ ደጋግመሽ "ለምን?" በያት። ምዝገባው ሲወጣ እነግርሻለሁ። ዋዜማውን ይዘሻት ነይ፣ እኛ ቤት ታድራላችሁ፤ መናኸሪያ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ከመወሰንሽ በፊት ግን እሷንም ጠይቂያት፣ ያለችሽንም ደውለሽ ንገሪኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ
ከአዳማ