ለጎረቤቶቼና ለእድራችን፦ ምስጋና

የተወደዳችሁ የጀሞ ጎረቤቶቼ፣

የግቢያችንን መሰብሰቢያ ቦታ የነደፍኩበትን የአርክቴክቸር መመረቂያ ፕሮጀክቴን ባለፈው ሐሙስ አቅርቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልፌያለሁ። በዋዜማው ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ያበሰበሰው ሞዴል ጠዋት ቆሞ የታየው በእናንተ እጅ ነው።

አባባ፣ በእርስዎ ልጀምር። የእድራችን ንብረት ያዥ ሆነው ድንኳን ሲያስተክሉና ሲያስነቅሉ ነው ያደግሁት። የመጀመሪያውን ንድፌን ይዤ ስመጣ በግቢያችን መሀል ፏፏቴ፣ ዙሪያውን የድንጋይ መቀመጫ ሥዬ ነበር። መነጽርዎን አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ ድንኳኑ የት ይተከላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ አምስት ዓመት ተምሬ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ራሴን አልጠየቅሁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሆኑ። ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ ወዲህ ካስማ ስለማይገባ ገመዱ ከደረጃ ብረትና ከመኪና ጎማ ጋር እንደሚታሰር አሳዩኝ። ጉልበትዎን እያመመዎት 4ኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው የሬሳ ሳጥን በደረጃው መታጠፊያ እንደማይዞር፣ ተሸካሚዎቹ ከመደገፊያው ብረት በላይ አንሥተው እንደሚያሳልፉት በእጅዎ እየለኩ ነገሩኝ። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ ተብሎ የተሠራውን ኮሙናል ቤትም ከፍተው አስገቡኝ። ገሚሱ የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ሆኗል። ሴቶቹ ግን ዛሬም የሠርግና የተዝካር ወጥ የሚሠሩት ደጁ ላይ፣ ጭሱ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ነው።

ፏፏቴውን ሰረዝኩት። በምትኩ በኮብልስቶኑ ድንጋዮች መሀል ገመድ የሚታሰርባቸው 14 የብረት ቀለበቶች ገቡ፤ ለወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ ያለው ጣሪያ፤ ከደረጃው ግርጌ ደግሞ ተሸካሚዎች ሳጥኑን የሚያሳርፉበት ረጅም መደብ፣ በሌላው ቀን ልጆች የሚቀመጡበት።

ሐሙስ ዕለት አንደኛው ዳኛ ቀለበቶቹን በጣቱ እየነካ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ ዞር አልኩ። ጋቢዎን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል። መናገር አቃተኝ፤ በእጄ ብቻ አመለከትኩ። ይቅርታ፣ አሁንም ስጽፈው እንባዬ መጣ። አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ሳላሳክም አልቀርም፤ ይህን በሁሉም ፊት ቃል ገብቻለሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስትቆርጡና ኮላ ስትቀቡ ያደራችሁ የስቱዲዮ ጓደኞቼ፣ አማካሪዬ፣ ከመክፈቻ ሰዓቱ በፊት ሱቁን ከፍቶ ፖስተሮቹን ያተመልኝ ወንድሜ፣ ቡና እያፈላችሁ ያነቃችሁኝ የብሎካችን እናቶች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እማዬ፣ ያንቺ በወረቀት አያልቅም፤ እቤት እንነጋገራለን።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያልጠቀስኩ ብዙ ናችሁ። በዚያ ሌሊት ዣንጥላ የያዘልኝ ሰው ማን እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም። እባክህ ንገረኝ። የዘነጋኋችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።

ሞዴሉን ለእድራችን ሰጥቻለሁ። ከሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ጀምሮ ኮሙናሉ ውስጥ ይቀመጣል። ጣሪያው ይነሣል፣ ውስጡን እዩት። ልጆቹም ይንኩት፣ ቀስ ብለው ብቻ፤ የመደቡ ጠርዝ ገና በደንብ አልደረቀም።