ሩዛችን በነሐሴ ይሰጥማል፣ በመስከረም ይጠማል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከወረታ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። አባቴ ሩዝ አምራች ገበሬ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ በሩዝ ነው። ጋዜጣችሁ ስለ ስንዴ ብዙ ይጽፋል፣ ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ሩዝ ግን ገጻችሁ ላይ ብቅ የሚለው ዋጋው ሲወደድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አባቴ ማሳ ልንገራችሁ።

አባዬ ሁለት ቦታ መሬት አለው። አንዱ ርብ ወንዝ ዳር ያለ ረባዳ ነው። ሌላው ወደ አስፋልቱ ጠጋ ብሎ ትንሽ ከፍ ያለ ሩብ ሄክታር ነው። «ዝናብ ሲበዛ የላዩ ያበላኛል፣ ሲያንስ የታቹ» ይል ነበር። በዚህ ዘዴ ሠላሳ ዓመት ገደማ ልጆች አሳድጓል። አሁን ግን መብዛቱም ማነሱም በአንድ ክረምት ይመጣል።

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ ርብ ሞልቶ ወጣ። ረባዳው ማሳ ዘጠኝ ቀን ውኃ ውስጥ ሰነበተ። ውኃው ሲሸሽ ከአባዬ ጋር ወረድኩና አንድ ቡቃያ ነቀልኩ። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጥኖ ረዝሟል። ቀለሙ የቆየ ቅቤ ይመስላል። ግንዱን በሁለት ጣቴ ስይዘው ሟሽሾ ሙልጭ አለ። አብዛኛው ማሳ እንደዚያ ተኝቶ ቀረ። ከጎርፉ የተረፈው ጥቂቱ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ደግሞ ጊዜው ሄዶበታል።

የላዩ ማሳ ያምር ነበር። ልክ ሲያብብ፣ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ሰማዩ ቀጥ አለ። ጥቅምት መግቢያ ላይ አባዬ አንድ ዛላ ቆርጦ ፍሬውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አደረገው። በዚያ ጊዜ ነጭ ወተት መውጣት ነበረበት። «ባዶ ነው፣ ልጄ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በደህናው ዘመን ስምንት ኩንታል ይሰጥ የነበረው ማሳ ሁለት ኩንታል ተኩል ሰጠ። ከጎርፍ የተረፈውን የታቹንም ሩዝ ያው ድርቅ አገኘው። ዘግይቶ ነበርና ገና ሳያብብ ውኃ አለቀበት።

ጎረቤቶቻችን «ጎርፍ የሚችል ዘር» ወይም «ድርቅ የሚችል ዘር» ሲባል ሲሰሙ ግራ የሚጋቡት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱን መከራ የሚያየው ያው አንዱ ሩዝ ነው።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንዲህ እላለሁ። ተራ ሩዝ ውኃ ሲውጠው አየር ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል። ለመመዘዝ ያጠራቀመውን ስኳር ሁሉ ያቃጥላል። ውኃው ሲሸሽ ስንቁ አልቋል፤ መቆም አቅቶት ይተኛል። በእጄ የያዝኩት ቡቃያ ይህ ነበር። ሕንድ ውስጥ በኦዲሻ ግዛት ግን ከገበሬዎች የቆየ ዘር የተመረጠ፣ ኤፍ አር 13 ኤ የሚባል ሩዝ አለ። ውኃ ሲያጥለቀልቀው አይሯሯጥም። እድገቱን ገታ አድርጎ ስንቁን ይቆጥባል። ሁለት ሳምንት ገደማ ውኃ ውስጥ ከርሞ ያቆጠቁጣል።

አዳቃዮች ይህን ሩዝ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቁት ነበር። መጀመሪያ ያዳቀሏቸው ዘሮች ጎርፍ ቢችሉም ምርታቸውና ፍሬያቸው ገበሬውን አላስደሰተም። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋምና የካሊፎርኒያ ሳይንቲስቶች ሥራውን የሚሠራውን ጂን፣ ማለትም ባሕርዩን የሚያወርሰውን የዘር ክፍል፣ ለዩት፤ ሰብ ዋን ኤ ይባላል። እኔ ያንን ዓመት የማስታውሰው በሌላ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር ክረምቱ የ1998 ነበር፤ ርብና ጉማራ ከጣና ጋር ተገናኝተው ፎገራን ያጥለቀለቁበት። ተማሪ ነበርኩ። ከብቶቻችንን ይዘን ከፍ ወዳለው ቦታ ወጥተን ማሳችንን ከሩቅ ስናየው ሐይቅ ሆኖ ነበር። መልሱ በዚያው ክረምት ታትሞ እንደነበር ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ያን ቀን ማንበቤን አቋርጬ ወጣሁ።

ጂኑ ከታወቀ በኋላ የተሠራው ሥራ ደስ የሚለኝ በአንድ ምክንያት ነው። ለገበሬው አዲስ ሩዝ አላመጡለትም። ስዋርና የሚባለውን፣ ገበሬው የሚወደውን ሩዝ ወሰዱና ያችን አንዲት ባሕርይ አስገቡበት። ጂኑ ያለበትን ቡቃያ በዲኤንኤ ምልክት እየለዩ፣ ደጋግመው ከስዋርና ጋር እያዳቀሉ ነው የሠሩት። ሩዝ ከሩዝ ጋር ነው የተዳቀለው፤ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ነገር የለበትም። ይህን የምለው እዚህ «ልውጥ ዘር ነው» ተብሎ ሲፈራ ስለምሰማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሕንድ ውስጥ ለገበሬ ተለቀቀ። በብዙ ነገሩ ያው ስዋርና ነው፣ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚቆይ ጎርፍ ግን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ይኸው ጂን ሩዙ ከደረቀ በኋላ ውኃ ሲያገኝ ቶሎ እንዲያገግም እንደሚረዳው ታወቀ። ይሁን እንጂ አበባ ላይ የሚመጣን ድርቅ፣ የአባዬን «ባዶ ነው» የሚያስቀር አይደለም። ለዚያ ሌሎች፣ በድርቅ ጊዜ ምርትን የሚያቆዩ የዘር ክፍሎች ያስፈልጋሉ። ካታክ ከተማ ያለው የሕንድ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ተቋም ሁለቱን አንድ ላይ አስገብቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲ አር ዳን 801 እና 802 የተባሉ ዘሮችን አወጣ። ጎርፍም ድርቅም የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ እየጠየቅኩ ያለሁት የህልም እንጀራ አይደለም።

ተማሪዎቼ «ታዲያ ለምን አናስመጣውም?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን አይሆንም። የኦዲሻ ሜዳ ሞቃት ቆላ ነው። ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በመስከረም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሩዝ አበባ ለመያዝ ሲዘጋጅ ብርድ ካገኘው ይመክናል፤ ቁመናው አምሮ ዛላው ገለባ ይሆናል። የእኛ የሩዝ ዘር፣ ኤክስ ጅግና፣ እዚህ የለመደው ከቀዝቃዛ አገር ስለመጣ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው ያመጡት፤ ስሙንም ያገኘው ከጅግና የገበሬዎች ማኅበር ነው። ወረታ ገበያ ሄዳችሁ ሴቶቹን ጠይቁ። ፍሬው ነጭ ነው፣ ከጤፍ ጋር ሲቀየጥ እንጀራው ያምራል፣ ገለባውን ከብት ይወደዋል። ሌላ ዘር ስታሳዩአቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «እንደ ጅግና ነው?» ብለው ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሁለቱም ባሕርያት በኤክስ ጅግና ውስጥ ይግቡልን። ሕንዶች ለስዋርና ያደረጉትን እኛ ለጅግና እናድርግ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ እዚሁ ወረታ ነው ያለው፤ አገሩን፣ ብርዱንና ገበሬውን የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉበት። ማዳቀል ግን በአንድ በጀት ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ከአንድ ክረምት አልፈው እንዲያስቡ ነው የምለምነው። ሙከራውም በአንድ ማሳ ላይ ይሁን። በነሐሴ ውኃ የዋጠው ያው መደብ በመስከረም ውኃ ተነፍጎት ይታይ። ለጎርፍ አንድ መደብ፣ ለድርቅ ሌላ መደብ ከሆነ የአባዬን ክረምት አይመስልም።

ሁሉን ይፈታል አልልም። ይህ ጂን የሚረዳው መጥቶ ለሚሄድ ጎርፍ ነው። ወር ሙሉ እስከ ጉልበት ተኝቶ ለሚቆይ ውኃ አይበቃም። ርብ የሚያመጣው ደለል ቡቃያውን ሲቀብረውም ዘር ምንም አያደርግም፤ ለእሱ መድኃኒቱ ያለው ከላይ፣ ደለሉ ከሚነሳበት ተራራ ነው። ግን ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን ይህ ሩዝ የሚችለው ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ረባዳው ማሳ ውስጥ ሁሉም ሲተኛ አሥራ አንድ ግንድ ቆመው ቀሩ። ድርቁንም አልፈው ፍሬ ያዙ። ቦታው በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መምህርት ነኝና ተአምር ነው ብዬ አላወራም። አባዬ ግን ለብቻቸው አጭዶ፣ በእጁ አሽቶ፣ ዘሩን ቅል ውስጥ አስቀምጦታል። እናቴ ልትፈጨው ብላ ተቆጥቷታል። የሚመረምረው ባለሙያ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀኝ፤ ቅሉን ይዤ እመጣለሁ። ግማሹን ብቻ ነው የምሰጠው። ግማሹን አባዬ በሰኔ ረባዳው ላይ ይዘራዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት
ወረታ፣ ፎገራ